ከሳሽ በዛ

«ጨምሪላት እንጂ፤ ይሄ ለሰው ነው ለወፍ?» አለች የሚጡ አክስት።

ጭልፋው ሚጡ እጅ ላይ ቀረ። አክስቷ ከሩቅ መጥታ ገና ከመቀመጧ የእህቷን፣ የሚጡን እናት፣ ጉንጭ አይታ ደንግጣለች። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ደብቀሽኝ ነው እንጂ ታመሻል» ትላለች ደጋግማ።

የሚጡ እናት ልብስ ሰፊ ናት። የእግር መኪና ስትረግጥ ኖራ ጉልበቷ እምቢ ሲላት፣ ሐኪሙ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ለስላሳ ነገር መሳሳቱን ነገራት። «የሳሳው አይመለስም። ክብደት ከቀነስሽ ግን ጉልበትሽ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ሕመሙም ይታገሥልሻል» አላት። ቀነሰች። ቀስ በቀስም ሕመሙ ቀለል አለላት።

የሰው አፍ ግን አልተቻለም። ደንበኛው ሁሉ ገና ከበር «ከሳሽ» ነው። መጀመሪያ እናቷ ትስቅ ነበር። «ከሳሽ በዛብኝ፤ ጠበቃ ሳላቆም አልቀርም» ትል ነበር። ኋላ ሳቁ ቀረ፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ መውጣት ጀመረች። ሚጡንም አንድ የክፍሏ ልጅ፣ «ማዘርሽ ግን ሰላም ናት? የሆነ በሽታ ይዟታል ሲሉ ሰማሁ» አለቻት። እውነት ለመናገር፣ ያ ሙሉ ጉንጭ እሷንም ናፍቋታል።

አሁን እናቷ ሳህኑን ወደ ሚጡ ገፋ አደረገች።

«እሺ፣ ጨምሪልኝ። ሰለቸኝ። እንደ ድሮዬ ልሁንና ሰው አፉን ይዝጋ።»

ሚጡ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ከተተች። ታላቅ አዝዞ፣ እናት ፈቅዳ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ግን ጠዋት ያየችው ትዝ አላት። እናቷ ወለሉ ላይ የተበተነውን ስፒል ቁጢጥ ብላ ለቅማ፣ ግድግዳ ሳትይዝ ብድግ ብላ ነበር። ራሷ እንኳ ልብ አላለችውም።

ጭልፋውን ባዶውን አወጣችው።

«አክስቴ፣ እማዬ አሁን አልታመመችም። የታመመችውስ ‹ተመቸሽ› ስትሏት ነበር። ያኔ ከሽንት ቤት ደግፌ የማስነሳት እኔ ነበርኩ።»

እናቷ አንገቷን ደፋች። ለማንም እንዳይነገር የፈለገችው ይህንን ነበር። ሚጡ ቁጣ ጠበቀች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች አክስቷ ወደ እህቷ ዞራ። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

እናቷ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ይበቃኛል» አለች።

ሚጡ ድስቱን ከድና ወደ ማድ ቤት መለሰችው።