የአያቴን ድንች ሰላጣ የሰደብኩ ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ዌንደልን መጀመሪያ ስጠላው ከልቤ ነው የጠላሁት። መጥላት ደግሞ እችልበታለሁ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ በድሮው ትምህርት ቤት ጂም የፊት ወንበር ላይ ከአያቴ ጎን ቁጭ ብዬ የተማርኩት እሱን ነው።

በከተማችን ኮፐር ሪጅ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ የምንገናኘው ሁለት ቦታ ነው፤ ቤተክርስቲያንና ሬስሊንግ። ቤተክርስቲያን ውስጥ መጮህ አይቻልም።

አያቴ ኦፓልን የማያውቅ የለም። ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጂሙ በር ላይ ምርኩዟን ታስረክባለች፤ የዛሬ ስንት ዓመት አንዱን ባለ ጭምብል ተፋላሚ ጉልበቱን በሱ ስላለችው ነው። የምትቀመጥበትን ቀይ ትራስ ግን ማንም አይነካባትም። የመግቢያው ዘፈን ሲጀምር የጆሮዋን መስሚያ መሣሪያ ታጠፋዋለች፣ ሲያልቅ ታበራዋለች። ባትሪውን ለስድቡ ነው የምትቆጥበው።

ሬስሊንግ ላይ ሁሌ ሰዉ የሚያጨበጭብለት አንድ ደግ፣ የሚጮህበት አንድ ክፉ ሆኖ የሚጫወት አለ። መጋቢት ላይ አዲስ ክፉ መጣ። የኛ ደግ ጋሽ ጋርላንድ ነው፤ የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር፤ እኔንም አስራ ሁለት ዓመት አመላልሶኛል። አዲሱ ክፉ ሐምራዊ ካባ ለብሶ ወጣና «ፕሬስተን ሣልሳዊ እባላለሁ። ፋብሪካችሁን የዘጋው አባቴ ነው» አለ። ከዛ ከካባው ስር የሽቶ ጠርሙስ አውጥቶ «ትሸታላችሁ» እያለ አየሩ ላይ ይረጭ ጀመር።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ልጁ ነው። ወደ ሪንጉ ሲያልፍ ክንዱ የአያቴን ፈንዲሻ መታና ደፋባት። ክፉ ሰው እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? ይረግጠዋል። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ «ውይ፣ ይቅርታ እማማ» እያለ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።

ጂሙ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ በጣም ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ልጠላ ጠብቄ መጥቼ እንዲህ ይደረጋል? ተነሳሁና «ሣልሳዊ የተባልከው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተበላሽተው ነው? ሦስተኛውም እኮ አልተሳካም» አልኩት።

ዞረ። አየኝ። ከዛ ሮጦ ፊቱን የሪንጉ ጥግ ላይ ቀበረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰዉ ያለቀሰ መሰለው። እኔ ግን ጆሮውን አየሁት፤ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እየሳቀ ነበር።

ማክሰኞ የአያቴ መኪና ጎማ ተነፈሰና ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ቱታ የለበሰ ልጅ ጎንበስ ብሎ ብሎን ይፈታል። ቀና ሲል ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

«ሦስተኛውም አልተሳካም» አለ።

ጆሮው ቀላ። አወቅኩት።

«አንተ ነህ?»

«ቀስ በይ እባክሽ። እዚህ ዌንደል ነኝ።»

«ሽቶህስ?»

«ውሃ ነው። ጠርሙሱን እናቴ ናት የሰጠችኝ።»

የሀብታም ልጅ የተባለው ከተራራው ማዶ ነው የመጣው፤ ቤተሰቦቹ ፍየል ነው የሚያረቡት። ጎማውን እየጠገነ ሁሉን ነገረኝ። አዘጋጁ አቶ ሆሊስ እስከ ሰኔ ድረስ ጊዜ ሰጥቶታል፤ እስከዛ ሰዉ ካልጠላው ይሰናበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሬስሊንግ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

«ታዲያ ለምን ይቅርታ ትላለህ?» አልኩት።

«ፈንዲሻዋን ደፍቼባት?»

እንዲህ ሲለኝ የገረምኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ሴት ናት በሚል ዓይን አየኝ። አልዋሻችሁም፣ የተጀመረው እዛ ጋ ነው።

«መጠላት ከፈለግክ እኔ አስተምርሃለሁ» አልኩት።

በየማክሰኞው ጎሚስታው ጀርባ፣ የተከመረ ጎማ ላይ ተቀምጠን አሰለጠንኩት።

«ስደበኝ» አልኩት የመጀመሪያ ቀን።

«ምን ብዬ?»

«ያየኸውን።»

ብዙ አየኝ። «የጫማሽ ክር ተፈቷል።»

«ይሄ ምክር ነው። ስደበኝ።»

«ፀጉርሽ…» አለና ቆመ።

«ፀጉሬ ምን?»

«ምንም አይወጣለትም።»

አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ሁለታችንም ጭነቱን ለማየት የመጣን ይመስል መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ አየነው።

«ዜሮ» አልኩት። የጫማዬን ክር ግን አሰርኩ።

ቀስ በቀስ ገባው። «ስለ ሚስቶቻቸው ብትናገር ይስቃሉ፤ በትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን ምጣባቸው» አልኩት።

«አራት ዓመት ያላሸነፈ ቡድን አይደል እንዴ?»

«ለዛ ነዋ። እሁድ ቤተክርስቲያን የሚቀርበውን ምግብ ግን እንዳትሰድብ። ከዛ በሕይወት አትወጣም።»

ሚያዝያ ላይ ትንሽ ተጮኸበት። ግንቦት ላይ አንድ ሰው ከመጠጡ ኩባያ በረዶ ወረወረበት፤ በደስታ ስልክ ደውሎ አወራኝ። እኔ ከማንም በላይ እጮህበት ነበር። «አንተ ቅቤ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» ስለው ፊቱን አኮሳትሮ በጣቱ ይጠቁመኛል፤ ያ ጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዛ ሁሉ ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዛ አይስክሬሙ መጣ።

ማንም እንዳያየን ብለን ጎረቤት ከተማ ድረስ ሄደን ነው የበላነው። የአንዱ የአጎት ልጅ ግን ፎቶ አንስቶናል። ሰኞ ጠዋት ከተማው በሙሉ ስልኩ ላይ ነበረው፤ ፕሬስተን ሣልሳዊ አፍንጫው ላይ አይስክሬም፣ የኦፓል የልጅ ልጅ በመሐረብ ስትጠርግለት። ከስሩ «ውይ ሲያምሩ» ይላል። ለክፉ ሰው ከዚህ የባሰ ሞት የለም።

ዌንደል ከሥራ ስወጣ ጠበቀኝ። ካፑን በእጁ ያዞራል።

«ሆሊስ ጠራኝ። ቅዳሜ እንደገና ከተሳቀብኝ በቃ ነው። አንቺ ለጥቂት ጊዜ ቤት ብትሆኚ ሰዉ ሊረሳው ይችላል አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እጠይቃታለሁ አልኩ።»

«ጠየቅከኝ። እምቢ።»

«ሼልቢ…»

«አስራ አራት ዓመት አንድ ቅዳሜ አላጎደልኩም። ትኩሳት ይዞኝ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሄጃለሁ። ወንድ ወደድኩ ብዬ ቤት አልውልም። አልደበቅም። አንተንም ማንም አይደብቅህም።»

ወደድኩ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሱም ሰማ። ካፑን ማዞር አቆመ።

«ታዲያ ምን እናደርጋለን?» አለ በጣም ቀስ ብሎ።

«አላውቅም። ቅዳሜ እናያለን።»

ቅዳሜ እኔ እየነዳሁ፣ አያቴ ትራሷን ታቅፋ ወደ ጂሙ ሄድን።

«ልጁ ያ ባለ ሽቶው ነው አሉ» አለች ፊት ለፊት እያየች።

«ስሙ ዌንደል ነው።»

«ስሙን አልጠየቅኩሽም። እኔ አጠገብ ስትቀመጪ አንድ ወገን ብቻ ነው ያለው። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

ጂሙ ጢም ብሏል። የዌንደል ዘፈን ገና ሳያልቅ «አይስክሬም፣ አይስክሬም» ማለት ጀመሩ። እየዘፈኑለት እኮ ነው። ቡድናቸውን ሰደበ፤ ሳቁ። ሽቶውን ረጨ፤ አንድ ሽማግሌ «እኔንም ቀባኝ የኔ ቆንጆ» አለው። ጋሽ ጋርላንድ እንኳን አዝኖለት፣ ትግሉ የእውነት እንዲመስል ብሎ አንስቶ ሲያፈርጠው ሴቶቹ «ውይ ቀስ በል፣ ልጁ ይጎዳል» አሉ። አቶ ሆሊስ መጋረጃው ጋ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

ዌንደል ሲነሳ አየኝ። አድኚኝ የሚል አይን አልነበረም። ደህና ሁኚ የሚል ነበር።

ተነሳሁ። አያቴ ልሰድበው መስሏት የጆሮዋን መሣሪያ ድምፅ ከፍ አደረገች። እኔ ግን ቦርሳዬን ያዝኩና በሪንጉ ዙሪያ ያለውን የብረት አጥር ተከትዬ መራመድ ጀመርኩ። በጋሽ ጋርላንድ ጥግ አለፍኩ፣ በደወሉ ጠረጴዛ አለፍኩ። በክፉው ጥግ በኩል ያሉት ወንበሮች ሁልጊዜ ባዶ ናቸው፤ ማንም እዛ መታየት አይፈልግም። አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን እያዞረ በአይኑ ተከተለኝ።

እጄን በአጥሩ ላይ ዘረጋሁ። «ሽቶውን» አልኩት።

«ሼልቢ፣ አያትሽ…»

«ሽቶውን አምጣ፣ ሣልሳዊ።»

ሰጠኝ። ጆሮዬ ስር ረጨሁ። ከዛ እጄን ከፍ አድርጌ፣ አስራ አራት ዓመት ወደተቀመጥኩበት ረድፍ ረጨሁት። ከኋላ አንድ ሰው በንቀት «ቡ» ብሎ ጮኸብኝ። አቶ ሆሊስ ሞኝ አይደለም፤ ማይኩ እንዴት እጄ እንደገባ አላውቅም።

«አስራ አራት ዓመት እዛ ተቀምጫለሁ» አልኩ። የድሮ ወንበሬን በጣቴ ጠቆምኩ። «አፍንጫዬን ይዤ።»

ቡ የሚለው በዛ።

«ፎቶውን አይታችሁ ስትስቁ ከረማችሁ። እሱ አታለላት ትላላችሁ። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ከናንተ መሃል የሚመረጥ ስላጣሁ። ቡድናችሁም አራት ዓመት አላሸነፈም፤ ሜዳውን ለፍየል ብትለቁለት ይሻላል።»

ጮሁ። ግን አንዳንዱ አሁንም ፈገግ ይላል። የኦፓል ልጅ ናት፣ ትጫወታለች እያሉ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አያቴን አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አይኗ አይርገበገብም።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አልኩ። «እሁድ እሁድ የምትበሉትን ድንች ሰላጣ ውሻ አይበላውም።»

ማን እንደምትሠራው የማያውቅ የለም።

ከዛ የመጣውን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የቅርጫት ኳሱ መረብ ሲወዛወዝ በአይኔ አይቻለሁ። ፈንዲሻ፣ በረዶ፣ ኩባያ ይዘንባል። የመዘምራን ሴቶች ወንበር ላይ ወጥተዋል። አያቴ አንድ እግሯን አጥሩ ላይ አድርጋ «ምርኩዜን ስጡኝ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች። ዳኛው ሊይዛት ሮጠ። ይሄኔ ዌንደል፣ በመጨረሻ፣ ከዳኛው ጀርባ የጋሽ ጋርላንድ አይን ውስጥ አውራ ጣቱን ከተተ፣ ጥሎ ተኛበት፣ ክልክል ቢሆንም እንዳይገለበጥ እግሩን ገመዱ ላይ ሰቀለ። ዳኛው ሲመለስ ያየው ከላይ የተኛውን ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ፤ ክፉው አሸነፈ።

ቀዩ ትራስ በአየር መጥቶ ፊቴን አለኝ።

ዌንደል ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ሁለታችንም ላይ ፈንዲሻ ይወርዳል።

«ይቅርታ እንዳትል» አልኩት ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

«አልልም» አለ። ፊቱን ለማኮሳተር እየታገለ አገጩ ይንቀጠቀጣል። ከዛ ከተማው ሁሉ እያየ እጄን ያዘ። ጥፍሩ ስር የጎማ ጥቀርሻ አለ። ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። እኔም እጁን ጠበቅ አድርጌ አገጬን ወደ ላይ አነሳሁ፤ እንዲጮሁ። እስኪደክማቸው ይጩሁ።

ስወጣ ፀሐይዋ ገና ተራራው ላይ ነበረች። አያቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። ትራሷን ይዤ ገባሁ። ሞተሩን ለማስነሳት ፈራሁ።

«ሰናፍጩ ነው?» አለች።

«እ?»

«ድንች ሰላጣው። ሰናፍጩ በዝቶ ነው?»

«እማማ፣ ከሱ የሚጥም በልቼ አላውቅም። እንዲጮሁ ብዬ ነው…»

«ያልሽውን ሰምቻለሁ። መሣሪያው በርቶ ነበር።» ትራሷን ከእጄ ተቀብላ ፈንዲሻውን አራገፈችለት። «ያ ልጅ እባብ ነው። ጋርላንድን አይኑን ወጋው። አይቻለሁ።»

«አዎ እማማ።»

«ነገ ለምሳ ይምጣ። በጓሮ በር። በፊት በር ሲገባ ሰው ካየው መምታት ግዴታዬ ነው።»

መጣ። ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ የእናቱን የፍየል አይብ ይዞ፣ በጓሮ በር። ሦስት ሳህን ድንች ሰላጣ በላ። አያቴ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጨረሰ ቁጥር «ብላ፣ አንተ እባብ» እያለች ትጨምርለታለች። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ይላታል፣ እኔ በጠረጴዛው ስር እግሩን እየረገጥኩ። የቱ የእውነት፣ የቱ የሪንግ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የምትነግረኝም አይመስለኝም።

አሁን በወር ሁለት ቅዳሜ በክፉው ጥግ በኩል ነው የምቀመጠው። አጠገቤ ማንም አይቀመጥም። ሱፐርማርኬት ውስጥ እንኳን የመዘምራን ሴቶች ሲያዩኝ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አቶ ሆሊስ ለዌንደል እስከ ገና ድረስ ሁሉንም ቅዳሜ ሰጥቶታል። ካባው በስተጀርባ ተቀዶ ነበር፤ አያቴ ሰፋችለት፤ ለማንም እንዳንናገር አስምላናለች።

ጩኸቱ ሲነሳ ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሷ ነው። ከጂሙ ወዲያኛው ጫፍ ቆማ፣ ሙሉ ስሜን ጠርታ፣ «ሼልቢ ጂን ሃስኪንስ» ትላለች፣ «አንቺ አሳዳጊ የበደለሽ።»

ያሳደገችኝ እሷ ናት።