ደም ያልነካው ፍንካች

«ጎባጣው ነው የገደላቸው!»

የሙዚየሙ ዘበኛ ይህን ሲል ዐሥረኛ ጊዜው ነው። ጎባጣው የሚለው ከጂፕሰም በተሠራው ዋሻ በር ላይ ዱላ ይዞ የቆመውን የጥንት ሰው ሐውልት ነው። ሐውልቱ ወርዶ፣ ገድሎ፣ ተመልሶ ቆመ የሚለው ወሬ ውጭ መንገድ ድረስ ወጥቷል።

«ወንድሜ፣» አለች መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ፣ «ጂፕሰም እግር ካወጣ እኔን ምን አስጠራኝ? የሰማኸውን ንገረኝ።»

«ጎባጣው እኮ…»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! መርማሪዋ ፊቷን ወደ ሬሳው አዞረች።

ሟቹ የልጆችን አዳራሽ ያቋቋሙት ሽማግሌ ነበሩ። የጥንት ሰዎች ቆዳ በምን እንደፋቁ፣ ሥጋ በምን እንደቆረጡ ለልጆች የሚያስረዱት ባልጩት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ እየፈለጡ ስለነበር ሁሉም «ጋሽ ባልጩት» ይላቸዋል። አሁን በሠሩት ዋሻ ውስጥ ማጅራታቸውን ተመትተው ተደፍተዋል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ወጣቷን አስጎብኚ በካቴና አስሯታል።

«ለምን እሷን?»

ዘበኛው በመጨረሻ አፉ ተፈታ። «ጎባጣውን የሠራው ቀራፂ ስምንት ሰዓት ላይ ከዋሻው ወጥቶ ሄደ። ዘጠኝ ሲሆን ጋሼ ድንጋዩን ቀጭ፣ ቀጭ ማድረግ ጀመሩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ እሷ ገባች፤ ድምፁ ጸጥ! ከዚያ ጩኸቷ።»

«እስከዚያ የት ነበረች?»

«እዚሁ ዋናው በር ላይ። ከሙዚየሙ ኃላፊ ጋር ሦስታችንም ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የተማሪ አውቶቡስ ስንጠብቅ ንቅንቅ አላልንም።»

«እኔ ጋሽዬን?» አለች አስጎብኚዋ እያነባች። «እጄን ይዘው ያስተማሩኝን?»

መርማሪዋ ተንበረከከች። በሬሳው ዙሪያ ጥቋቁር የድንጋይ ፍንካቾች ተበትነዋል። አንዱን አንስታ ገለባበጠችና ለልጅቷ አሳየቻት።

«ይሄ የጋሽሽ እጅ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ጠርዙ ደቋል። ጋሽዬ ሲመቱት እንደ ቅጠል ሳስቶ ነው የሚነሳው። ይሄ የጀማሪ ነው። ጀማሪ ደግሞ ከድንጋዩ በፊት የሚፈልጠው ጣቱን ነው።»

ቀራፂው ሲጠየቅ እጁን ከሽርጡ ኪስ አላወጣም። «ተናድጄባቸዋለሁ፤ አልክድም! ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ሐውልት ‹የጥንት ሰዎች እንዲህ ጎብጠው አልኖሩም፤ ልጆቹን በውሸት አታሳድግብኝ› አሉኝ። ግን ስወጣ በሕይወት ነበሩ። ዘበኛውን ጠይቂ።»

ዘበኛውን መጠየቅ! ይህን ምክር ሰምታ የባሰ ተናደደች። ሁሉንም ዋሻው አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እዩ፤ ወለሉ ላይ ያለው ደም ደርቋል። እነዚህ ፍንካቾች ከደሙ በላይ ናቸው፤ የታች ፊታቸውን ግን ጠብታ አልነካውም። ስለዚህ ድንጋዩ የተፈለጠው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሬሳ ደግሞ ድንጋይ አይፈልጥም።»

ኃላፊዋ አፏን በእጇ ከደነች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀጠቅጥ የተሰማው ገዳዩ ነው። ያኔ ልጅቷ የት ነበረች?»

ዘበኛው አቀረቀረ። «እዚህ… ከእኔ ጋር።»

«ኃላፊዋስ?»

«እሳቸውም።»

«ጎባጣውስ?»

ዘበኛው ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ።

«እንግዲህ ደሙ እስኪደርቅ የፈጀው ጊዜ ሲታሰብ ሽማግሌው የሞቱት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያኔ ከዋሻው የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዋሻው ጋር በሚገናኘው የሥራ ክፍሉ የጓሮ በር ተመልሶ፣ በሕይወት እንዳሉ ለማስመሰል ቀጠቀጠ። የልጅቷን ኮቴ ሲሰማ በዚያው ሹልክ አለ። አንተ፣ እጅህን አውጣ።»

የቀራፂው አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ሞረድ ነው የቆረጠኝ…»

ጨርቁን ፈታችው። ቁስሉ ውስጥ ጥቁር የባልጩት ስንጣሪ ብልጭ አለ።

«ሦስት ዓመት!» አለ ቀራፂው። «ነገ አስነሥተው ሊያስጥሉብኝ ነበር! ሌላ ምን አለኝ?»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ። መኪናው ይዞት ከሄደ በኋላ ከማተሚያ ቤት አንዲት ሴት ሰሌዳ ታቅፋ ደረሰች።

«ጋሽ ባልጩት የሉም? ጧት ያዘዙት ነው፤ ከሐውልቱ ሥር የሚለጠፍ።»

መርማሪዋ መጠቅለያ ወረቀቱን ቀድዳ ሰሌዳውን አነበበች፦

«ልጆች፣ የጥንት ሰዎች እንዲህ አልነበሩም፤ እኛ ግን እንዲህ መስለውን ነበር። አዋቂም እንደሚሳሳት እንድታዩ ሐውልቱ ከቦታው አይነሣም።»