ያለ ግድፈት የተነበበ አንቀጽ

ሳጅን ሙሉመቤት በማለዳ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። በርቀት ትምህርት ሕግ የሚማረው አፈወርቅ፣ ተከራይቶ ከሚኖርባት ጎጆ ጀርባ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ወድቋል። አጠገቡ የአከራዩ የእማማ ጌታነሽ ፈረስ፣ ያ በእርግጫው የታወቀው፣ ሣር ይግጣል።

«ፈረሱ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። የሟች ወንድሞች ደግሞ ካሳውን ቆርጠውት ነበር፤ ፈረሱንና ሁለቱን በሬዎች። መበለቲቱ እማማ ጌታነሽ ሌላ ሀብት የላቸውም፤ ያለ በሬ ከቀሩ ልመና መውጣታቸው ነው።

ሙሉመቤት ሬሳውን ወደ ጎን ገልበጥ አደረገችው። ዙሪያው ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጥቷል፤ ከሬሳው ሥር ያለው ግን ቅንጣት አመዳይ የለበትም።

«ፈረሱን መቼ አወጡት፣ እማማ?»

«ጎሕ ሲቀድ ነዋ፣ ልጄ። ሌሊቱንማ በዚህ ብርድ ከእኛው ጋር ቤት ነው የሚያድር። ደጅ አስሬው ገባሁ፤ ስመለስ ገመዱ ተፈቷል።»

ቀጥላ የሟቹን ሁለት የጥናት ጓደኞች ጠየቀች፤ የመበለቲቱን ልጅ ትዕዛዙንና የመምህር ልጅ የሆነውን ማዕረግን። ቅዳሜ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት፣ ማለትም ጉዳት ያደረሰ ስለሚከፍለው ካሳ፣ ይፈተናሉ። አንደኛ የወጣ ለዳኝነት ይታጫል ተብሏል።

«ማን ይበልጥ ነበር?»

«አፈወርቅ» አለ ማዕረግ። «ሁላችንንም ያስከነዳን ነበር።»

ትዕዛዙ መሬት መሬቱን አየ።

አጥር የሚጋሩት ዓይነ ስውሩ የኔታ አትናቴዎስ ግን ነገሩን አወሳሰቡት። «ጎሕ ሲቀድ በሕይወት ነበር። እንደ ልማዱ አንቀጹን በቃሉ በዜማ ሲወጣው ሰምቻለሁ።»

«አንቀጹን ያስታውሱታል?»

«ሳምንት ሙሉ ሰምቼው! የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥም እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አፈወርቅ መካከሏን ሁልጊዜ ይገድፋት ነበር። ዛሬ ግን አቀናት፤ ደስ አለኝ።»

ሙሉመቤት ሁሉንም እማማ ጌታነሽ ደጅ ሰበሰበቻቸው።

«አፈወርቅ የተገደለው አመዳዩ ሳይወርድ፣ ማታ ነው። ማታ ደግሞ ፈረሱ ቤት ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ፈረሱ እስኪወጣ ሟቹን በሕይወት ያለ ማስመሰል ነበረበት፤ በድምፅ። ማዕረግ የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አንተ ግን፣ ትዕዛዙ፣ የኔታ እግር ሥር ስድስት ዓመት ተቀምጠሃል።»

«ዜማ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ?»

«ሟቹን መስለህ መግደፍ ነበረብህ፤ አፍህ እምቢ አለህ። የኔታ፣ ለአንድ ግድፈት ስንት አለንጋ ነበር?»

«ሦስት» አሉ ሽማግሌው።

ትዕዛዙ ለመካድ አልደከመም። «ፈረስ ከገደለው ገዳይ የሚፈልግ የለም» አለ።

«እናትህ በሬ አልባ ሲቀሩስ?»

«ዳኛ ስሆን እተካላት ነበር።»

ሙሉመቤት እጁን በካቴና ስታስር እናቱ ፈረሱን እየሳቡ መጡና ገመዱን ለሟች ታላቅ ወንድም ዘረጉ። «ፈረሴ ነው የገደለው። በሬዎቹንም ንዷቸው። ፈረሴ ነው በሉ፣ እባካችሁ።»

ሰውየው ገመዱን በቀስታ መለሰላቸው። ዓይኑ ትዕዛዙ ላይ ነበር።

«በሬዎን ይያዙ፣ እማማ» አላቸው። «አሁን በሬ አንፈልግም።»