የቀጭኔ ጃኬት

ዋናውን ቀድሜ ካልተናገርኩ ሆዴ ይፈነዳል፣ ስለዚህ እንኩ፤ ኔዌን ያሚላን ሳማት። ያውም አባቷ እያየ፣ ክፍሉ በሙሉ እያየ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ፣ ሸሚዙ ውስጥ የተጨፈለቀ ጥብስ ቂጣ ወሽቆ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ያሚላ «እንደ በረዶ ነበር፣ ግን አቃጠለኝ» ነው የምትለው። እኔ ይሄን ስትነግረኝ ትራሴን ነከስኩ።

ከዚያ በፊት የሆነው ግን አያስቅም። 

ያሚላና ኔዌን ዓመቱን ሙሉ ሲተያዩ ነው የከረሙት። መተያየት ብቻ። እሷ ቀና ስትል እሱ መስኮት ያያል፣ እሱ ሲዞር እሷ እርሳስ ትቀርጻለች። የክፍላችን ልጅ ብሪሳ «እናንተ ልጆች፣ ያ እርሳስ አለቀ እኮ» እያለች ትገላቸዋለች። ግን ማንም አይገፋፋቸውም፣ ምክንያቱም የቤተሰቦቻቸውን ነገር ከተማው በሙሉ ያውቃል።

የያሚላ አባት ዶን አዳልቤርቶ የትንሹ ባቡር ተቆጣጣሪ ነው። የኔዌን አባት ዶን ሲክስቶ ደግሞ በፊት የዚያው ባቡር ነጂ ነበር። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ አንድ ቀን ዶን አዳልቤርቶ «ዛሬ ንፋሱ አያስኬድም» አለ። ዶን ሲክስቶ «የማታስኬድህ ንፋሱ ነው ወይስ ሚስትህ?» ብሎ ሳቀበትና ነዳ። ሐዲዱ ከሜዳው ከፍ ብሎ እንደ ግድብ በተከመረ አፈር ላይ የሚያልፍበት ቦታ አለ፣ ግድቡ ነው የምንለው። እዚያ ሲደርሱ ንፋሱ ፉርጎዎቹን እንደ ክብሪት ሳጥን ገለበጣቸው። ሰው አልሞተም። የዶን አዳልቤርቶ እግር ግን ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። አሁን አንዱ ዳቦ ቤት ውስጥ ካለ ሌላው እስኪወጣ ውጭ ይቆማል። የኔዌንን ፊት እንኳ ዶን አዳልቤርቶ አያይም፣ ወደ ሌላ ይዞራል።

እንግዲህ የመጨረሻ ክፍል ጉዟችን በዚያ ባቡር ሆነ። ሁላችንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጃኬት ለብሰናል፣ ጀርባው ላይ የየሰዉ ቅጽል ስም የተጻፈበት። የያሚላ «ቁንጫ» ነው፣ ስለምታንስ። የኔዌን «ቀጭኔ»፣ መቼም አይታችሁት ቢሆን ትስቁ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ የወንድ ልጅ ጃኬት ከለበሰች ደግሞ፣ ያው፣ ቀለበት እንዳደረገች ነው የሚቆጠረው።

ገና ከከተማ ስንወጣ ባቡሩ አንገጫገጨንና ብሪሳ የማቴውን፣ ያ በቱቦ የምንመጠውን የቅጠል ሻይ፣ ሙቅ ውሃ ያሚላ ጀርባ ላይ ደፋችው። ጃኬቷን አውልቃ እንጨት ምድጃው አጠገብ ሰቀለችና እፍረቷን ልታሳልፍ በሁለቱ ፉርጎዎች መሃል ያለው በረንዳ ላይ ወጣች። ኔዌን ተከትሎ መጣ።

«ቁንጫ፣ በብርድ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«አንተን ማን ጠራህ?»

«ጥርስሽ። እኛ ፉርጎ ድረስ ይሰማል።»

ጃኬቱን አውልቆ ዘረጋላት። ያሚላ አየችው እንጂ አልተቀበለችም።

«አባዬ ካየስ?»

«ጃኬት ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የሚለውን እንዲል ነው የምፈልገው» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ለበሰችው። እጅጌው ጉልበቷ ደረሰ። የጃኬቱን ቆብ እስከ ዓይኗ ሳበችና ጸጉሯን ሁሉ ውስጥ ከተተች። ለዚያ ቀን አንድ ላይ ላለመቀመጥ ተስማሙ፤ እሱ ወደ ኋላው ፉርጎ፣ እሷ ወደ እኛ። ገብታ ጀርባዋን ሰጥታን ምድጃው ላይ እንጨት ስትጨምር አባቷ እያነከሰ አለፈ። ጀርባዋ ላይ «ቀጭኔ» የሚለውን አነበበ። ፊቱን አዞረ።

«ንፋስ እንደሚመጣ ጉልበቴ እየነገረኝ ነው» አላት ለቲቸር ኖርማ። «ላጉና ሴካ ላይ ብዙ አንቆይም።»

ላጉና ሴካ ማለት አንድ የድንጋይ ጣቢያ፣ አንድ የውሃ ማማ፣ ከዚያ ምድረ በዳ። ስንደርስ ንፋሱ ጭራሽ ቆሞ ነበር። ሣሩ አይነቃነቅም። ሁልጊዜ ዳቦ ለመለመን የሚመጡት ውሾች አንዳቸውም የሉም። ቂጣ የምትጠብሰው ዶኛ ኤርሚንያ ጠረጴዛዋን እያጣጠፈች ነበር።

«ውሾቹ ገብተዋል ልጆች» አለች። «እናንተም ግቡ።»

«ያንን ቂጣ ሳልበላ ከሞትኩ» አለች ያሚላ ቀስ ብላ፣ አጠገቧ ለቆመው ለኔዌን፣ «መንፈሴ አንተን ነው የሚያሳድደው።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ትጠይቃለች። ኔዌን ሳቀና ቂጣዋን ይዛ ከጉብታው ማዶ ወዳለው ቤቷ የምትሄደውን ዶኛ ኤርሚንያን በሩጫ ተከተላት። ከዚያ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ፊሽካው ሳይታሰብ ተነፋና ሁላችንም እየተጋፋን ገባን።

ንፋሱ ሲመጣ አንድ ጊዜ ነው የመጣው። የምድጃውን ጭስ በጭስ ማውጫው መልሶ ፉርጎው ውስጥ ተፋብን፣ ዓይናችን ታወረ። ቲቸር ኖርማ በዚያ ጭስ ውስጥ ጀርባችንን እያነበበች ጠራችን። የሰማ «አቤት» ይላል፣ ያልሰማውን ጃኬቱን አይታ ታልፋለች። ምድጃው ላይ ያጎነበሰውን ጀርባ አየች።

«ቀጭኔ!» ብላ አለፈች።

ያሚላ ስሙን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ከኋላዬ ገብቷል ማለት ነው ብላ ፈገግ አለች። እንዳይታወቅባት ግን አልዞረችም።

«ቁንጫ!»

ያሚላ በእሱ ጃኬት እንዳትታወቅ አቤት አላለችም፤ ብሪሳ ግን የተሰቀለውን ጃኬቷን እጅጌ ከፍ አደረገች። «አለች ቲቸር፣ እየደረቀች ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ቆጠራው ሞላ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ላጉና ሴካ ላይ መዞሪያ የለም፣ ስለዚህ ሲመለስ ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ነው የሚገፋን። ግድቡ ላይ ስንወጣ ፉርጎው በአንድ ጎኑ ሲነሳ ተሰማኝ። እመቤቴን፣ ተሰማኝ።  ብሪሳ እጄን ስለጨመቀችው የጥፍሯ ምልክት እስካሁን አለ። ከዚያ ሁለት ኮረብታዎች መሃል ገባንና ንፋሱ ከላያችን አለፈ፤ ሰው መተንፈስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላ ፉርጎ አንዱ ልጅ ፔርሙስ ይዞ የገባው።

«ቀጭኔ እናንተ ጋ አይደል? ማቴው ቀዘቀዘበት በሉት።»

ያሚላ ቀስ ብላ ዞረች። የእያንዳንዳችንን ፊት አየች። ከዚያ እጇን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አስገባች፤ ጓንቱ እዚያ አለ። የሱፍ ኮፍያውም እዚያ አለ። እሱ እዚያ ንፋስ ውስጥ በሸሚዝ ነው።

ብትናገር ቤቷ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሮጠች። አባቷ በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ባቡሩን አቁም። ኔዌን ቀርቷል።»

«ምን ትያለሽ? እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፣ ምድጃው ጋ።»

«እኔን ነው ያየኸው።» ዞራ ጀርባዋን አሳየችው። «ፊቴን ብታይ ታውቀኝ ነበር። የእሱ መስሎህ አላየህም።»

ዶን አዳልቤርቶ የማስቆሚያውን ገመድ ሳበ።

የአሁኑ ነጂ መጥቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እነዚህን ልጆች ይዤ ግድቡ ላይ አልመለስም፣ አዳልቤርቶ። ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።»

«ፉርጎዎቹን እዚህ እንፍታቸው። ሎኮሞቲቩን ንፋስ አይገለብጠውም።»

«አቧራው ውስጥ በምን ልታየው? ሐዲዱ ላይ ወድቆ ቢሆንስ?»

«እኔ ከፊት እሄዳለሁ። በእግሬ።»

ያሚላ ልትከተል ከደረጃው ስትዘል የጃኬቱ እጅጌ በሩ ላይ ተያዘና ተቀደደ። አባቷ በአንድ እጁ መልሶ አስቀመጣት። ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አስገቡ፣ ሰንሰለቱን ፈቱ፣ ሎኮሞቲቩ ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ከፊቱ የሚያነክስ ፋኖስ ታየን። ከዚያ ፋኖሱም ጠፋ።

እንጨቱ አለቀ። መሸት አለ። ቲቸር ኖርማ አፏን በሻርፕ ይዛ ታለቅስ ነበር። ያሚላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አልተነሳችም። ማንም ስሟን አልጠራትም።

ሲመለሱ ፊሽካው በጣም ሩቅ ነበር። ዶን አዳልቤርቶ ልጁን በራሱ ካፖርት ጠቅልሎ ተሸክሞት ገባ። የዶን ሲክስቶን ልጅ። ባቡሩን ልደርስበት ብሎ ሲሮጥ ግድቡ ላይ ንፋሱ ስለጣለው ሐዲዱን አቅፎ ተኝቶ ነው ያገኙት።

«ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ነው እየመጣችሁ መሆናችሁን ያወቅሁት» አለ፣ ቃሉ እየተሰበረ። «ልለቀው ግን አልቻልኩም። ጣቴ እምቢ አለኝ።»

ዶን አዳልቤርቶ ፋኖሱን ይዞ ከፊት ባይሄድ ኖሮ... አልጨርሰውም።

ያሚላ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ኔዌን ሸሚዙን ከፈተና ያንን የተጨፈለቀ ቂጣ አወጣ።

«መንፈስሽ እንዳያሳድደኝ።»

ከዚያ ያው፣ መጀመሪያ የነገርኳችሁ። ዶን አዳልቤርቶ በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም። ቲቸር ኖርማ እንደገና ቆጠረችን፣ አገጫችንን አንድ በአንድ እየያዘች።

ያ ከትናንት ወዲያ፣ ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ዶን ሲክስቶ እነ ያሚላ ደጅ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ዶን አዳልቤርቶ በመስኮት አየው፣ በሩን ግን አልከፈተም። ምሳ ላይ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ እንዲህ አላት፤ «ልጁን ከንፋስ አወጣሁት እንጂ ቤቴ አላስገባሁትም። ሰኞ ጃኬቱን ትመልሺያለሽ።»

ኔዌን ደግሞ መልእክት ላከ። «አትመልሺው። ሰኞ ለብሰሽው ካልመጣሽ ይገባኛል፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።»

ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት በር ድረስ የሚያደርሳት አባቷ ነው።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ንፋሱም እንደገና ተነስቷል፣ ቆርቆሮው ይጮሃል። ያሚላ አሁን ደወለችልኝ። ሁለቱ ጃኬቶች ወንበሯ ላይ ናቸው፣ ቁንጫና ቀጭኔ። የቀጭኔን ልታጥፍ ስታነሳው የተቀደደው እጅጌ ተሰፍቶ አገኘችው፤ በወፍራም ጥቁር ክር፣ የባቡሩ ሸራ በሚሰፋበት ክር። እናቷ «እኔ አልነካሁትም» ብላለች። አባቷን ልትጠይቀው ሄደች፤ እሱ ግን ጉልበቱን ይዞ መስኮቱን ያያል።

ሰው የሚመልሰውን ጃኬት ይሰፋል? ወይስ በክብር ይመለስ ብሎ ነው?

እኔ ምን እንደምላት ጠፍቶኛል። እናንተ ብትሆኑ ነገ ጠዋት የትኛውን ትለብሱ ነበር?