ጀርመናዊው ቁጥር ሰባት

«ጆሮ የሌለው ሁሉ እስክሪብቶ አለው» አለች ሰምሀል። ከካርቶን ሣጥኑ ያወጣችውን ወረቀት እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አነበበችውና ቀዳዳ ጣለችው።

የሚኒ ሚዲያው ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ማይክ አላት። ሣጥኑ ላይ «የዘፈን ምርጫ» ተብሎ በማርከር ተጽፏል። ተማሪዎች የሚወዱትን ዘፈን ጽፈው ይከቱበታል፤ ደጅ ያሉት ሁለት ሞንታርቦዎች በዕረፍት ሰዓት ያሰሙላቸዋል። ያሰሙላቸው ነበር ማለት ይሻላል። ዘንድሮ የሙዚቃው ኃላፊነት ለዘጠነኛ ክፍሏ ሰምሀል ከተሰጠ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚሰማው ክላሲካል ብቻ ነው።

መቼም በኛ አገር ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። የዜና ማጀቢያው ክላሲካል ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የሚከፈትልንም ክላሲካል ነው። የሰምሀል አጎት ቤዛብሕም ከራሱ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ሲገለብጥላት ፎልደሩን «ክላሲካል» ብሎ ሰየመው። ሃያ ሁለት ሙዚቃዎች ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ሰምሀል ከሁሉም ቁጥር ሰባትን ወደደች። ፒያኖ ብቻውን ቀስ ብሎ ይጀምርና መሐሉ ላይ ሲደርስ፣ እያለቀሰ እንደሚያወራ ሰው ይቆራረጣል።

መስከረም ላይ የክፍሏ ልጆች «የማን ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰላትና «የአንድ ጀርመናዊ» አለች። በሳምንቱ ጀርመናዊው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሆነ። በወሩ ዓይነ ስውር አደረገችው። ጥቅምት ሲያልቅ እሷ ራሷ አምናው ነበር።

የታክሲ ዘፈን የሚሰሙትን ከልቧ ትንቃቸዋለች። ንቀት ደግሞ ያምርባታል፤ ቢያንስ ጓደኛዋ ሮሃ በሳቅ ትሞትላታለች። ሰኞ ዕለት ግን አበዛችው። ከሣጥኑ ያወጣችው ወረቀት የረይሃና ነበር። ረይሃና ዊንጌት አካባቢ ቤተሰቦቿ ሱቅ ያላቸው ልጅ ናት፤ በዚያችው ክፍል፣ በዚያው ማይክ ዜና ታነባለች። የመረጠችውም ያን ሰሞን በየታክሲው የሚጮኸውን ዘፈን ነበር። ሰምሀል ማይኩን ከፈተች።

«ረይሃና ከዘጠነኛ ቢ ይህን ዘፈን መርጣለች። ለጆሮዋ ምሕረቱን ያውርድላት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረይሃና በኮሪደር ስታልፍ «ምሕረቱን ያውርድልሽ» የማይላት የለም። እሷ ግን ዜናዋን ማንበብ ቀጠለች። ሰምሀልን ሰላም ማለት ብቻ ተወች።

ማክሰኞ ተማሪዎች አቤቱታ አስገቡ። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ታረቀኝ ሰምሀልን ጠርተው፣ «ዓርብ ሰልፍ ላይ ለምን ክላሲካል ብቻ እንደምታሰሚ ራስሽ ታስረጃለሽ። አንድ ሙዚቃም ታሰሚያቸዋለሽ። ካሳመንሻቸው ትቀጥያለሽ፣ ካላሳመንሻቸው ሌላ ሰው ይይዘዋል» አሏት። ሰምሀል ተደሰተች። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች፤ ርዕሱን «ትልቅ ሙዚቃና ትንሽ ጆሮ» አለችው። ሁለተኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ የጀርመናዊው ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቁጥር ሰባትን ከፍታ ንግግሯን ትለማመድ ጀመር። ረይሃና ጥግ ላይ ዜናዋን እያስተካከለች ነበር። በሩ ተከፈተና የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የሺ ባልዲና መወልወያ ይዘው ገቡ። ገብተውም ቀጥ አሉ።

«ውይ! ይቺን ደግሞ ከየት አገኛችኋት?»

ከፒያኖው እኩል፣ አንዲት ፊደል ሳትዘንፍ ዘፈኑት።

«የኔ ሾፌር፣ የኔ ሾፌር፣
ፍሬን ያዝልኝ ልውረድ ከበር...»

«እትዬ የሺ፣ ይሄ እኮ ክላሲካል ነው» አለች ሰምሀል። «የጀርመን ነው።»

«የምን ጀርመን? እኔ ሳገባ አይደል እንዴ የወጣችው! ባለቤቴ ሾፌር ነዋ፤ ሙድ ሊይዙብኝ ሰርጌ ላይ ሦስቴ ዘፈኗት። ያኔ ፈጣን ነበረች። ይሄኛው ሰውዬ ነው እንዲህ ዝግ ያደረጋት። እስቲ መልሺልኝ የኔ ልጅ።»

ሰምሀል መለሰችላቸው። ምን ታድርግ! እትዬ የሺ መወልወያውን ተደግፈው ትከሻቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ዘፈኑና ወለሉን ወልውለው ወጡ።

ረይሃና ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «ጀርመናዊው ለካ ሾፌር ኖሯል» አለች።

«ረይሃና፣ በናትሽ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ምን እናገራለሁ? እኔ እንደሆን ጆሮ የለኝም።» ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ከሮሃ ጋር ስትወጣ ሰምሀል ሁሉንም ነገረቻት። ሮሃ ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ ምክር ጀመረች።

«አቦ አታካብጂ! ቁጥር አራትን አሰሚያቸዋ።»

«እሱስ ግጥም ቢኖረው?»

«እንግዲያው ሰባትን አሰሚና ጀርመናዊ ነው ብለሽ ድርቅ በይ። እትዬ የሺን ማን ይሰማል? ረይሃናም ካወራች ቀንታብኝ ነው በያ። እሷን መቼም ማንም አያምናትም። ጨርሰሻታል እኮ!»

ሮሃ ይህን ያለችው ልታጽናናት ነበር። ሰምሀልን ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሰኞ ዕለት ረይሃና ማይኩን ከእጇ ተቀብላ ዜናውን ስትጀምር ድምጿ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ብርድ ነው ብላ አልፋዋለች።

ቤት ገብታ በጆሮ ማዳመጫ ቁጥር ሰባትን አራት ጊዜ ሰማችው። ልትንቀው ሞከረች። ስለ ሾፌር ነው፣ ስለ ፍሬን ነው፣ የሰርግ ጭፈራ ነው እያለች ራሷን ልታሳምን ታገለች። መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ድሮው ተቆራረጠ፤ እሷም እንደ ድሮው ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። በጣም ተናደደች። ዘፈኑን መናቅ ሲያቅታት የሚናቅ ሌላ ሰው ፈለገች፤ ቅርብ ያገኘችው ራሷን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሰልፉን ያንቀጠቅጠዋል። ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ እንዳበቃ ቲቸር ታረቀኝ ምልክት ሰጧት። ሰምሀል ሁለቱን ገጾች ይዛ ማይኩ ጋ ቆመች። ሮሃ ከሰልፉ መሐል አውራ ጣቷን አነሳችላት። ረይሃና አጠገቧ ዜና የማንበብ ተራዋን እየጠበቀች ነው፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እትዬ የሺ በሩ ጋ መጥረጊያቸውን ይዘዋል።

ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«የምትሰሙት ቁጥር ሰባትን ነው» አለች። «ጀርመናዊ ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ‹የኔ ሾፌር› የሚባል የሰርግ ዘፈን ነው። እ... እኔም አላውቅም ነበር። ደስ ስለሚለኝ ነው የማሰማው። በቃ።»

ከኋላ አንዱ «ለጆሮሽ ምሕረቱን ያውርድልሽ!» ብሎ ጮኸ። ግቢው እንደ ሰኞው ፈረሰ። የሰምሀል ፊት እንደ በርበሬ ቀላ፤ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሙዚቃው ሲጀምር እትዬ የሺ በሩ ጋ ሆነው ጮክ ብለው ተቀበሉት። ከመምህራኑም መሐል፣ ስቀው የማያውቁት የሒሳብ መምህር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ።

ቲቸር ታረቀኝ ውሳኔውን ለሰኞ አስተላለፉት። ሰምሀል ሙዚቃውን ሌላ ሰው እንደሚይዘው ገምታለች፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ክፍል ስትገባ ረይሃና ብቻዋን ነበረች።

«የሰኞው ዘፈንሽ አለሽ?»

ረይሃና ወደ እሷ ዞረች። «ሙድ ልትይዢብኝ ነው?»

«አይደለም።»

ረይሃና የራሷን ፍላሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት፤ እጇ ላይ አልሰጠቻትም። ሰምሀል ሰካችውና ከፈተች። ደጅ ያሉት ተማሪዎች በደስታ ጮኹ። ከበሮው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ እንደሚንከባለል ነው፤ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የሰምሀል ጣት ሳታዝዘው ወደ ድምፅ መቀነሻው ሄደ።

«እንዴት ነው?» አለች ረይሃና።

«አልዋሽሽም፣ ያስጠላል።»

«መሐሉ ጋ ክራር ይገባል።»

«መሐሉ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ሰምሀል ጣቷን አነሳች። ወንበሩን ሳበችና ዝም ብላ ተቀመጠች።