ከስማዳ መደርደሪያ ሥር

ሰውየው የተገኘው በጎኑ ወድቆ፣ ግማሽ አካሉ በወረቀት ክምር ተሸፍኖ ነው። አጠገቡ የእንጨት መሰላል ተጋድሟል። የንፋስ መውጫ ከተማ መዝገብ ቤት የኋላ ክፍል ያለው መስኮት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ብርሃን የሚያስገባው ደስ ሲለው ነው። ኢንስፔክተር ጽጌረዳ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች።

«ከመሰላል ወድቆ ነው። ግልጽ ነገር ነው» አለ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሌ። ከተሾመ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፤ ስልኩ ከእጁ አይለይም። «ይሄን ስቶር እናጽዳው፣ አደጋ አለው ብዬ ስንት ጊዜ ሪፖርት አደረግሁ።»

«ግልጽ ከሆነማ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ደምሌ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ጽጌረዳ ወደ ውስጥ ገባች። በየመደርደሪያው ግንባር ላይ የወረዳ ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ «ላይ ጋይንት»፣ «ታች ጋይንት»፣ «ስማዳ» ይላል። ሟቹ የወደቀው ከስማዳው ሥር ነው። የሚሠራበት ጠረጴዛ ግን ራቅ ብሎ መስኮቱ ሥር፣ ከታች ጋይንቱ መደርደሪያ አጠገብ ነው። እዚያው የቆመውን የብረት ሳጥን ጎንበስ ብላ አየችው። አንዱ ማዕዘኑ ተጠርጓል። የተቀረው አቧራ ለብሷል።

ከምሳ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው መዝገብ ያዧ ዓለሚቱ ናት። ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እያለቀሰች ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው፤ ከታች የነበረው ጥለት ወደ አንገቷ ወጣ። ዘበኛው አባባ አንተነህም ዳዊታቸውን አጥፈው ጋቢያቸውን አዙረው ለበሱ። ለሟቹ ያዘነለት ሰው ይኸው ነበር።

«ማን ነበር?» አለች ጽጌረዳ።

«ጋሽ ልመንህ መንግስቴ ይባላል» አለች ዓለሚቱ። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ሕፃን ሁኖ ከእናቱ ጋር ለሰፈራ መተከል ወሰዱት። እናቱ መንገድ ላይ ሞተች፤ ባዕድ አሳደገው። ከአገሩ ይዞት የሄደው የራሱንና የአባቱን ስም ነው። ሚስቱ ስትሞትበት፣ ልጅም የለውም፣ ዘመዶቼን ልፈልግ ብሎ መጣ፤ ከአንዲት ሴት ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ምሳውንም የምታመጣለት እሷ ናት።»

«እዚህ ምን ያደርግ ነበር?»

«የድሮ የርስት ክርክር ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን መሬት የሚገኘው ትውልድ ተቆጥሮ ስለሆነ፣ ተካሳሽ ሁሉ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ዳኛ ፊት እየቆጠረ አስጽፏል። ጋሽ ልመንህ ‹እኔ ዘመድ የምፈልገው ከጠበኛ ወረቀት ውስጥ ነው› እያለ ይስቅ ነበር።»

ጽጌረዳ ፈገግ ልትል ከጀላትና ተወችው። እሷም ለዚህ አገር ባዕድ ናት። ከሥራ ገብታ በሩን ስትከፍት «ማነሽ?» የሚላት የለም። ይህ ሰው በሕይወት ሳለ ቢያገኛት ኖሮ ብዙ የሚያወሩት ነገር እንደነበራቸው ተሰማት።

«ዛሬ እንዴት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር። ‹ዛሬ እነግራታለሁ› አለኝ። ማንን ብለው ‹ነገ ትሰሚያለሽ› አለኝ።»

«ከስማዳ መዝገብ የጠየቀሽ ጊዜ አለ?»

«አንድም ቀን! እሱ ከታች ጋይንቱ መደርደሪያ ተነቅሎ አያውቅም።»

ከዚያ ደምሌን ለብቻው ወሰደችው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀሃል አሉ።»

«ወረቀቶቹን አስወግጄ ኮምፒውተር ላስገባ ብል ‹ሬሳዬን ተራምደህ ነው› አለኝ» አለና የተናገረው ነገር ራሱን አስደነገጠው። «ኧረ ኢንስፔክተር፣ እኔ ምሳዬን ከባልደረቦቼ ጋር ነው የበላሁት፤ ጠይቂያቸው!»

«እጠይቃለሁ። እኒህን የመደርደሪያ ስሞች ማን ለጠፋቸው?»

«እኔው በእጄ።»

አባባ አንተነህ ደግሞ ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል ልጄ፤ በምሳ ሰዓት ከበሩ ተነሥቼ ከጀርባ ፀሐይ ልሞቅ ሄጄ ነበር። ማን ገባ ማን ወጣ አላየሁም። መሰላሉን ግን ጠዋት እኔው ነኝ ያቆምሁለት፤ እንደ ወትሮው መስኮቱ ጋ።»

ጽጌረዳ አንድ ፖሊስ ጠርታ የሟቹን ቤት አከራይ እንዲያመጣ ላከችው። «ጽሕፈት ቤት ይፈልጉሻል በላት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው።

ሴትየዋ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሽበቷ ከሻሿ ሥር ብቅ ያለ፣ የነጠላዋ ሰማያዊ ጥለት በአንገቷ ዙሪያ የተጠመጠመ ሴት ናት። ግቢው መሃል ቆማ ሰዎቹን ሁሉ አየች።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ተከራይዎ ልመንህ ሞቷል» አለቻት ጽጌረዳ።

«ወየው! ወየው ጉዴ!» ደረቷን መታች። ከዚያ ባለችበት ቁጢጥ አለች።

«ምሳውን እርስዎ ነበሩ የሚያመጡለት?»

«በየቀኑ ነዋ። ዛሬ ግን አሞኝ ተኝቼ ዋልሁ።»

«ዘመድ ነበረው?»

«ኧረ ማን አለው! ብቸኛ ሰው ነበር።»

ቃሏን የሚጽፈው ፖሊስ ስሟን ጠየቃት። «ላቀች መንግስቴ» አለች። መንግስቴ የሚባል አባት በጋይንት ሞልቷልና ፖሊሱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ብዕር ሲያቀብላት አውራ ጣቷን ዘረጋች፤ በአሻራ ፈረመች።

ማምሻውን ሐኪሙ ውጤቱን ነገራት። ሰውየው የተመታው በሹል ብረት ነው እንጂ በመሬት አይደለም፤ ወዲያውም አልሞተም። «ሰው ቢጠራለት ኖሮ ይተርፍ ይሆናል» አላት። ጽጌረዳ ይህን ሰምታ በላቀች ሰፈር በኩል አልፋ ሄደች። ከዕድሩ ዳኛ ጋር ቆማ አወራችና ወደ ራሷ ቤት ገባች። ከራቷ ላይ አንድ ሁለት ጎርሳ ተወችው።

በማግሥቱ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ «ዘመድ የሌለው ሬሳ» ሊቀብር ተዘጋጀ። ጽጌረዳ ጥቂት እንዲጠብቁ ለመነችና ሁሉንም በኋለኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ላቀችን መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ልመንህ ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «የተመታው በዚያ የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑን የጠረገው ሰው ማዕዘኑን ብቻ ስለጠረገ ሌላው አቧራ አጋለጠው። ከዚያ ሰውየውን ከሳጥኑ አርቆ ጎትቶ፣ መሰላሉን አምጥቶ ጣለ፣ ወረቀትም ከላይ አፈሰሰበት። ግን የት? ስማዳው ሥር። ልመንህ እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረውም።»

«ይኼን እኮ እኔ ወዲያው ነው ያወቅሁት!» አለች ዓለሚቱ።

«ለዚህ ነው አንቺ ያልሆንሽው። አንቺ ብትሆኚ ከታች ጋይንቱ ሥር ትጥይው ነበር። ደምሌም ስሞቹን በእጁ የለጠፈ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹም ምሳ ላይ ከእነሱ እንዳልተለየ መስክረውለታል። አባባ ዳዊት የሚደግሙ ናቸው፤ መሰላሉንም በየቀኑ የሚያቆሙት እሳቸው ናቸው። ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው እነዚያ ትልልቅ ፊደሎች ምንም የማይነግሩት ሰው ነው።»

ላቀች አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«ማንበብ አለመቻል ወንጀል አይደለም» አለች ጽጌረዳ ቀስ ብላ። «በዚያ ብቻ ሰው አልይዝም። ግን ትናንት ዓለሚቱ ሬሳውን ስታይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አባባም ጋቢያቸውን አዞሩ። ሁላችንም መርዶ ስንሰማ የምናደርገው ነው፤ እጃችን ያውቀዋል። እርስዎ ግን፣ ወይዘሮ ላቀች፣ መርዶውን ስነግርዎ ነጠላዎን አልነኩትም።»

«ደንግጬ ነዋ…»

«አልነኩትም፤ ምክንያቱም ሲመጡ ጀምሮ ተዘቅዝቆ ነበር። የጠራዎት ፖሊስ ምንም አልነገረዎትም። በሰፈርዎ የሞተ ሰው እንደሌለ ዕድሩ ነግሮኛል። ታዲያ ከቤትዎ የወጡት ለማን ሐዘን ለብሰው ነው?»

ደምሌ እንኳ ስልኩን ረስቶታል።

«ለተከራይ እንዲህ ይታዘናል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ የአባትዎ ስም ትዝ አለኝ። ዛሬ በጠዋት ከዓለሚቱ ጋር ልመንህ ያነበባቸውን መዝገቦች ተከተልን። የመንግስቴ የርስት ክርክር አለ፤ የደብራቸው ስም አለበት። ከዚያ የውርስ መዝገብ አለ፤ የልጆቻቸው ስም ያለበት። ላቀች፣ ልመንህ። እርስዎ ቤቱን ሲወርሱ ‹ወንድሜ በድርቁ ሞቷል› ያሉትም እዚያው አለ። ያን ጊዜ እውነት መስሎዎት ይሆናል። ልመንህ ይህን ካየ በኋላ ነው መጥቶ ከእርስዎ የተከራየው። በአባቱ ቤት በኪራይ ኖረ።»

«አላወቅሁትም» አለች ላቀች። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «በእናቴ ጀርባ ላይ ሁኖ ነው የሄደብኝ፤ በምን ልወቀው? ትናንት ምሳውን ሳመጣለት ‹እህቴ ነሽ› አለኝ። ልጄ ትዳር ይዞ ቤቱ ውስጥ ነው፤ የት ልጣለው? ቤቱን ሊነጥቀኝ የመጣ መሰለኝ። ‹ሂድ ከዚህ፣ ወንድሜ ሙቷል› አልሁት። እጄን ያዘኝ። ገፋሁት።»

«ቤቱን ጠየቀሽ?» አለች ዓለሚቱ እያለቀሰች። «እኔ እኮ አውቃለሁ ምን ይፈልግ እንደነበር! ‹አባቶቼ የተቀበሩበትን ደብር ልወቅና ከጎናቸው ልቀበር፤ ሌላ ምን ቀረኝ› ነበር የሚለኝ። ሌላ ነገር ጠይቆ አያውቅም።»

ላቀች ፊቷን ወደ ጽጌረዳ መለሰች።

«ጥዬው ስወጣ ይተነፍስ ነበር» አለች። «ቤት ገብቼ ተኛሁ። መሞቱን ሆዴ ነገረኝ። ነጠላውን ያዘቀዘቅሁት አውቄ አይደለም። ወንድሜ ሙቶ እንዴት ቀጥ አድርጌ ልልበስ?»

ጽጌረዳ ብዙ ሰው ይዛ ታውቃለች፤ በማዘኗ የያዘቻት ግን ላቀች የመጀመሪያዋ ናት። ነገሩ አስጠላት፤ አሳዘናትም። የማዘጋጃ ቤቱን ሰዎች አሰናበተችና መኪና ጠየቀች።

ልመንህን በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ ባለው የአባቶቹ ደብር ቀበሩት። ዓለሚቱና አባባ አንተነህ መጡ፤ ደምሌም ሳይጠራ መጣ። ላቀች በሁለት ፖሊሶች መሃል፣ እጇ በካቴና ታስሮ ቆመች። ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«የሟች ወገን ማነው?»

ላቀች አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ አባ» አለች ላቀች። «እህቱ ነኝ።»

ይህን ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ በታሰረ እጇ ልታነሣው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጽጌረዳ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ አፈሩን አራገፈችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አለበሰቻት። ከዚያም የራሷን ነጠላ አዘቀዘቀች።