ቀትር ላይ የምትዞረው ወንበር

ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አንድ መጽሐፍ ካላነሳ ምን ሊሠራ ገባ? ዘኪያ ሱሩር ይህን ጥያቄ ለራሷ ስትደጋግም ሦስት ሳምንት ሞላት።

ቤቱ ባሮ ዳር ነው። መርከብ ከሱዳን ይመጣ በነበረ ጊዜ እንግሊዞች ለንግድ የሠሩት ነው ይባላል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ጋምቤላ በሙቀት ስትቀቀል እሱ ቀዝቀዝ ይላል። ቡናና ጥጥ ይከማችበት የነበረው አዳራሽ ኋላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ፤ በ1977 ዓ.ም. ቁልፉን የያዘችው የነጋዴው የሱሩር ልጅ ዘኪያ ነበረች።

ከጀርባው አንድ የተረሳ ዕቃ ቤት አለ። ታናሽ ወንድሟን ሙሐመድኑርን ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የደበቀችው እዚያ ነው። የዕቃ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ነውና በቀትር አያስቀምጥም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ሙሐመድኑር ሾልኮ ወንዝ ይወርዳል፤ ግማሽ ሰዓት ታጥቦ ይመለሳል። ቢያዝ ወደ ጦር ሜዳ ነው። ታላቅ ወንድማቸው በዚያው መንገድ ሄዶ አልተመለሰም።

መጽሐፍ የማያነሳው ኦጅዋክ የመጣው በኅዳር መባቻ ነው። ከኢታንግ የተዛወረ ረጅም፣ ዝምተኛ የአኙዋ ወጣት ነው። የአንባቢዎች መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን «ለሥራ» ብሎ ጻፈ።

«ምን ሥራ?» አለችው።

«የውሃ መሥሪያ ቤት ነኝ። ወንዙን እለካለሁ።»

«ወንዝ የሚለካ ሰው ወንዝ ይገባል እንጂ ጥላ ሥር ይቀመጣል?»

«አሮጌው ወደብ ላይ ዘንግ ተተክሏል፤ ቁጥር አለው። ከዚህ መስኮት ይታያል።» ፈገግ አለ። «እዚህ ደግሞ ጸጥታ ነው።»

እሷ ይህን የምትውጥ አይደለችም። በዚያ ዘመን ግድግዳም ጆሮ ነበረው፤ ደግ ፊት ያለው ጆሮ ጠቢ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ፊቱ ደግ ብቻ ሳይሆን ያማረም መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ከዚያ መስኮት የሚታየው ዘንጉ ብቻ አልነበረም፤ ሙሐመድኑር የሚወርድበት መንገድም ይታያል።

ከሁሉ የከነከናት ሌላ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኦጅዋክ እስክሪብቶውን ያስቀምጥና ወንበሩን ያዞራል። ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለእሷ ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ስታየው ያቀረቅራል፤ ስታቀረቅር ያያታል። ልቧ ሲመታ «ፍርሃት ነው» ትላለች። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ጠዋት ጠዋት ሻሿን ሦስቴ ፈትታ ባላሰረች፤ ግን እኔ ምን አገባኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ደብተሩን ገለጠችው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ከኅዳር ዘጠኝ ጀምሮ ግን በስድስት ሰዓት ቦታ በየቀኑ ጭረት ብቻ ነው። ሙሐመድኑር ዕቃ ቤት የገባው ኅዳር ስምንት ነበር። ወንድሜን እየመዘገበው ነው አለች።

አፍጥጣ ብትጠብቀውም ኦጅዋክ ቶሎ አልተመለሰም። ሲገባ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ወንድሟም ወርዷል።

«ይህ ጭረት ምንድን ነው?»

ሳይመልስላት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ።

«ዘኪያ፣ ወንድምሽ ወለጋ ሄዷል ብለሽን ነበር። እዚህ ታይቷል የሚል ጥቆማ አለ።» ዕቃ ቤቱን አስከፈተ። ባዶ ነው፤ አንድ ሰሌን ብቻ ተነጥፏል። «ይሄስ?»

«እሰግድበታለሁ።» ድምፅዋ አልከዳትም።

ሊቀ መንበሩ ወደ ኦጅዋክ ዞረ። «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነህ። ማንን አየህ?» ደብተሩን ነጥቆ ገለጠው። «ስድስት ሰዓት ላይ ለምን ባዶ ሆነ?»

ዘኪያ ዓይኗን ጨፈነች።

«አላየሁም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«በቀትር ፀሐይ ውሃው ነጭ ይሆናል። ቁጥር ካልታየኝ ሰው እንዴት ይታየኛል?»

«ሥራህን አልሠራህም ማለት ነው። ለአለቃህ አስታውቃለሁ።»

«እውነት ነው» አለ ኦጅዋክ። «አልሠራሁም።»

ሰዎቹ ሲወጡ ዘኪያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ኅዳር ዘጠኝ አየሁት። ዘንጉ አጠገብ ይታጠባል። አንቺን ይመስላል።» ደብተሩን አቃና። «እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ። ውሸት ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ላለማየት ዞርኩ።»

«እኔን ግን ታየኝ ነበር።»

ደብተሩን ከደነ።

«መጀመሪያ ሌላ የማየው ስላልነበረ ነው። ኋላ ግን ስድስት ሰዓት አልደርስ ይለኝ ጀመር።»

«እኔ እኮ ስጠላህ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ። መዝገቡን ስትሰጪኝ ትወረውሪው ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ሙሐመድኑር በቡና ጫኝ መኪና መቲ ከተማ አጎታቸው ዘንድ ሄደ። ለኦጅዋክም ማስጠንቀቂያ መጣለት፤ የቀትሩን ቁጥር አንድ ቀን ቢያጎድል ከሥራ ይባረራል። አባቷ ሱሩር ከሌላ ሃይማኖት የመጣ አማች ቢቀርብላቸው ምን ይሉ ይሆን? እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ዘኪያ ያን ቀን አላሰበችውም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ከእንግዲህ ኦጅዋክ የሚዞርበት ምክንያት የለም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ኦጅዋክ በመስኮቱ ወደ ዘንጉ አየ፤ ቁጥሩን ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያም ወንበሩን አዞረ።

«አሁን እኮ ወንዙ ላይ ማንም የለም» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ፤ ወደ መስኮቱ ግን አልተመለሰም።

ዘኪያም ያን ቀን አላቀረቀረችም።